ይሄ ቀኑ ነው፤ ሌሊቱስ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አባቴ ከቆቦ መጥተው ሦስት ወር አብረውን ቆዩ። የምንኖረው ዳላስ አጠገብ፣ ጋርላንድ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በዘመድ ጥየቃና በቤተ ክርስቲያን አለፉ። አባቴ ግን ሶፋ የሚይዛቸው ሰው አይደሉም። ማለዳ ከሁላችንም ቀድመው ይነሳሉ። ጋቢያቸውን ደርበው በር ላይ ይቆሙና የጎረቤቱን ሣር ያያሉ። «ይሄ ሁሉ ሣር! አንዲት ጥጃ እንኳ የለችበትም?» ይሉኛል።

አንድ ቅዳሜ «ዛሬ ከብት አሳይዎታለሁ» አልኳቸው። ወዲያው ተነስተው ጫማቸውን ፈለጉ።

የወሰድኳቸው ፎርት ዎርዝ ነው። ስቶክያርድስ የሚባለው የድሮው የከብት ገበያ ሰፈር በየቀኑ ሁለት ጊዜ ሰንጋ ይነዳበታል። በኛ ሰዓት ረፋዱ 5፡30 ላይ አንድ፣ 10፡00 ላይ አንድ። ኤክስቼንጅ አቬኑ በጡብ የተነጠፈ መንገድ ነው። ፈረሰኞቹ የ1800ዎቹን የከብት ነጂ ልብስ ለብሰው፣ አሥራ አምስት የሚሆኑ ሰንጋዎችን ከበው ቀስ እያሉ ያልፋሉ። ገንዘብ አይከፈልበትም። እንግዳ በመጣ ቁጥር የምወስደው እዚያ ነው። ልጆች ፎቶ ይነሳሉ፣ አይስክሬም ይበላሉ፣ እንመለሳለን። እኔ ነገሩን የማየው እንደ ቱሪስት ትርዒት ነበር። ደስ ይላል፤ ግን ትርዒት ነው።

የዚያን ቀን አባቴ አንድ ነገር ጠየቁ። ጥያቄያቸው እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

አባቴ ያዩት

ሰንጋዎቹ ብቅ ሲሉ ሕዝቡ ስልኩን አወጣ። ከመካከላቸው ቀንዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከእኔ ቁመት የሚበልጥ ነበር። አባቴ ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉና ክንዴን ያዙኝ።

«የኛ ናቸው እኮ!» አሉ። «የራያ ሰንጋ! እዚህ ማን አመጣቸው?»

ራያን የሚያውቅ ሰው ይህ ለምን እንደተባለ ይገባዋል። የራያ ሰንጋ ቀንድ እንደዚያ ነው፤ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይከፈታል። እኔም በሆዴ «አይ አባባ፣ ይሄ የቴክሳስ ሎንግሆርን ነው» ብዬ ነበር። ቤት ገብቼ ሳነብ ግን አባባላቸው ከባዶ እንዳልተነሳ ገባኝ። በ2013 የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሎንግሆርንን ዘረመል መርምረው ውጤቱን አሳትመዋል። (የአሜሪካውን ዘመን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) እንስሳው የሚወርደው ኮሎምበስ በ1493 በሁለተኛ ጉዞው ካመጣቸው የስፔን ከብቶች ነው። በነዚያ የስፔን ከብቶች ውስጥ ደግሞ በአፍሪካ በኩል የተሻገረ የሻኛ ከብት ደም ተገኝቷል። ዝምድናው ሩቅ ነው። ቢሆንም አለ።

ሁሉም ሰው ቀንዱን ሲያይ አባቴ የሚያዩት ሰዎቹን ነበር። በተለይ ከመንጋው ኋላ የሚመጣውን ፈረሰኛ።

«ያ የኋላው ሥራ ያውቃል» አሉኝ።

«በምን አወቁ?»

«አይጮኽም። አይቸኩልም። ያንን እግሩን የሚጎትተውን እያየ ነው የሚሄደው።»

እግሩን የሚጎትት ከብት መኖሩን እኔ አላየሁም ነበር። ልብ ብዬ ሳይ እውነትም አንዱ ዳማ ሰንጋ የኋላ ግራ እግሩን ትንሽ ይቆጥባል። ፈረሰኛው ከሱ ዐይኑን አይነቅልም። ስንት ጊዜ መጥቼ ይህን አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ጥያቄ መጣ። «ማን ነው የሚገዛቸው?»

«ማንም አይገዛቸውም።»

«ታዲያ ወዴት ነው የሚሄዱት?»

«የትም አይሄዱም አባባ። ዞረው በረታቸው ይገባሉ። 10 ሰዓት ላይ ደግሞ እንደገና ይወጣሉ። ነገም እንዲሁ።»

ዝም አሉ። ይስቃሉ ወይም ይናደዳሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። የትም የማይሄድ ሰንጋ መንዳት ለሳቸው ምን ትርጉም ይኖረዋል? እሳቸው ግን አልሳቁም።

በረቱ አጥር አጠገብ አንዱ ነጂ ከፈረሱ ወርዶ የሕዝቡን ጥያቄ ይመልስ ነበር። አባቴ ተራ ጠብቀው ተጠጉ። «ጠይቅልኝ፤ ሌሊት እንዴት ነው የሚያሳድሯቸው?»

ተረጎምኩ። ሰውየው ድርቆሽ እንዳላቸው፣ ውሃ እንዳላቸው፣ ጠባቂ እንዳለ ነገረን። አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አልገባውም። በመንገድ ላይ ነው የምለው። ሜዳ ላይ ሲያድሩ ምን ይሏቸዋል?»

ይህን ስተረጉም ሰውየው ባርኔጣውን አወለቀ። ገብቶታል። እኛ መንገድ ላይ አናድርም፤ የድሮዎቹ ግን ይዘፍኑላቸው ነበር አለ። ሁለት ፈረሰኛ በመንጋው ዙሪያ፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ፣ ሌሊቱን በዝግታ ይዞራሉ። እየዞሩ ያንጎራጉራሉ። ከብቱ ድምፁን ሲሰማ አይደነብርም።

አባቴ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። «ሁለት ሆነው ነው ያለው?» «አዎ ሁለት።» «አንዱ በወዲህ፣ አንዱ በወዲያ?» «አዎ።»

ከዚያ እጃቸውን አጥሩ ላይ አሳረፉ። ሰውየውን አላዩትም፤ እኔንም አላዩኝም። በረቱ ውስጥ የተኙትን ሰንጋዎች እያዩ፣ በሕይወቴ ሰምቼው በማላውቀው ዝቅ ያለ ድምፅ አንጎራጎሩ።

«ተኛ አንተ ዳልቻ፣ ተኛ አንተ ቡሬ…»

እዚህ ላይ ቆሙ። ሰውየውም እኔም ቀሪውን ጠበቅን። አልመጣም።

«ረሱት?» አልኳቸው።

«አይ። ቀሪው የኔ አይደለም።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። ወደ መኪናው ስንመለስ መንገዱን አንዴ ዞረው አዩት። ሕዝቡ ተበትኗል፣ ሠራተኛ ፋንድያውን ይጠርጋል። «ይሄ ቀኑ ነው» አሉ። «ጥሩ አድርገው ይዘውታል። ሌሊቱስ?»

ከቴክሳስ እስከ ካንሳስ

ያን ሰሞን ማታ ማታ ማንበብ ጀመርኩ። ስንት ዓመት እዚህ ኖሬ፣ ከቤቴ አንድ ሰዓት ስለሚርቅ ነገር የማውቀው ፊልም ላይ ያየሁትን ብቻ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በገበያ ነው። የእርስ በርስ ጦርነቱ በ1865 ሲያልቅ ቴክሳስ በከብት ተጥለቅልቃ ነበር። እዚያ አንድ ከብት 4 ዶላር ያወጣል። ሰሜን ከተሞች ውስጥ ያው ከብት 40 ይደርሳል። መሀል ላይ ያለው መንገድ ብቻ ነው። በ1867 ጆሴፍ ማኮይ የሚባል ነጋዴ አቢሊን በምትባል የካንሳስ መንደር፣ ባቡሩ ዳር በረት ሠራ። ከዚያ ወዲያ ቴክሳሶች መንጋቸውን እየነዱ ወደዚያ ጎረፉ። ፎርት ዎርዝ መንገዱ ላይ ነበረች። ከሷ በኋላ የሚቀጥለው የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች፣ የቀይ ሕንዶቹ ግዛት ስለሆነ፣ ነጂዎቹ ዱቄታቸውንና ቡናቸውን የሚሸምቱባት የመጨረሻዋ ዋና ከተማ እሷ ነበረች።

መንገዱ ቺዝሆልም ትሬይል ይባላል። ስሙን ያገኘው እናቱ ከቀይ ሕንዶቹ ወገን፣ ቸሮኪ ከሆነችው ጄሲ ቺዝሆልም ነው። እሱ በጋሪ ሸቀጥ የሚያመላልስ ነጋዴ እንጂ በዚያ መንገድ ከብት የነዳ ሰው አልነበረም። በ1868 ሲሞትም መንገዱ ገና መሞቁ ነበር።

አንድ መንጋ ከሁለት እስከ ሦስት ሺህ ከብት ይይዛል። ነጂዎቹ አሥር፣ አሥራ ሁለት ቢሆኑ ነው። በቀን የሚሄዱት ከ16 እስከ 24 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ በላይ ከቸኮሉ ከብቱ ይከሳል፤ የከሳ ደግሞ ገንዘብ አያወጣም። ደመወዛቸው በወር ከ30 እስከ 40 ዶላር ነበር። ልምድ ያለው ከፊት ይሆናል። ጀማሪው ከኋላ ሆኖ የሁሉን አቧራ ይበላል።

እኔ ግን ስፈልግ የነበረው ሌሊቱን ነው። አገኘሁትም። ምግብ አብሳዩ ከመተኛቱ በፊት የጋሪውን መጎተቻ እንጨት ወደ ሰሜን ኮከብ አዙሮ ያቆመዋል። ጠዋት ደመና ቢሆን እንኳ አቅጣጫው እንዳይጠፋ ነው። ጥበቃው በየሁለት ሰዓቱ ፈረቃ ይቀያየራል። ትልቁ ፍርሃት መብረቅ ነው። አንዴ ነጎድጓድ ሲመታ ሺህ ከብት በጨለማ ይፈረጥጣል፤ ፈረሰኛ ከፈረሱ ጋር እዚያ ውስጥ ሊቀር ይችላል። እንጉርጉሮው ለጌጥ አልነበረም።

ሌላም ሌሊት አለ፣ ስቶክያርድስ ውስጥ እምብዛም የማይወራ። ከነጂዎቹ ከአራቱ አንዱ ጥቁር ነበር ብለው የሚገምቱ የታሪክ ሰዎች ብዙ ናቸው። ሜክሲኳውያኑም ብዙ ነበሩ። ላሶውም (ከብት መያዣ ገመዱ)፣ ራንቹም (የከብት እርባታው)፣ ሮዲዮውም (የከብት ነጂዎች ውድድሩ) ስማቸው የስፓኒሽ ነው። ሰፈሩ ውስጥ የቢል ፒኬት ሐውልት ቆሟል። በሬ በቀንዱ ይዞ በመጣል ዝነኛ የሆነ ጥቁር ካውቦይ ነው። አባቴ ሐውልቱ ፊት ቆመው «ይሄስ የማን አገር ሰው ነው?» ብለውኝ ነበር። «የዚሁ» ስላቸው ተገረሙ።

በሌላ ቀን ብቻዬን ወደ ዌዘርፎርድ ነዳሁ። ከፎርት ዎርዝ ወደ ምዕራብ ነው። ጥቁሩ ከብት ነጂ ቦስ አይካርድ የተቀበረው እዚያ ነው። ባሪያ ሆኖ ተወለደ። ነጻ ከወጣ በኋላ ከከብት ባለሀብቱ ከቻርልስ ጉድናይት ጋር አራት ዓመት ከብት ነዳ። በ1929 ሲሞት ጉድናይት ራሱ ድንጋይ አስቀርጾ አቆመለት። ድንጋዩ ላይ ከሥራ ሸሽቶ እንደማያውቅና ከብት በደነበረባቸው ብዙ ጊዜያት አብሮት እንደጋለበ ተጽፏል። አንብቤ ቆምኩ። እነሱም ሁለት ነበሩ ብዬ አሰብኩ። አንዱ የመንገድ ስም ሆነ፤ ጉድናይት ሎቪንግ ትሬይል ይባላል። አንዱ ድንጋይ አገኘ።

ያ ሁሉ ጉዞ ሃያ ዓመት ቢቆይ ነው። ከ1874 ወዲህ የተስፋፋው የእሾህ ሽቦ ሜዳውን ዘጋው። ባቡሩ በ1876 ፎርት ዎርዝ ገባ። የቴክሳስ ከብት በመዥገር የሚተላለፍ በሽታ ያመጣል ተብሎ ካንሳስ በሯን ዘጋች። የሃያ ዓመት ነገር ነው እንግዲህ ዓለም በሙሉ «አሜሪካ» ሲባል የሚያስበው።

ከቆቦ እስከ ደሴ

እኛ ቤት አባባ ድሮ ከብት ነጋዴ ነበሩ ሲባል ነው ያደግሁት። ከዚያ ያለፈ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ጠይቄም አላውቅም። ከፎርት ዎርዝ በተመለስንበት ማታ፣ እራት ከተበላ በኋላ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ማውራት ጀመሩ። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ቀዳሁት። ቅጂው እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ይሄዳል።

ነጋዴ አልነበሩም። ነጂ ነበሩ። ሰንጋው የነጋዴው ነው፤ እሳቸውና አንድ ባልንጀራቸው በእግር ያደርሱታል። ከቆቦ ተነስቶ ጎሊናን ተሻግሮ ሮቢት፣ ጎብዬ፣ አላ ውሃ፣ ወልዲያ። ከዚያ ሲሪንቃ፣ መርሳ፣ ውርጌሳ፣ ውጫሌ፣ ሐይቅ፣ ደሴ። ስምንት ቀን። በወገባቸው መቀነት፣ በትከሻቸው በሶ፣ በእጃቸው ሽመል። እግራቸው ላይ በረባሶ ካለ ደህና ነው።

መኪና መንገዱ ነበር፤ ጣሊያን የሠራው። ግን ከብት አስፋልትና ኮረት አይወድም፤ ኮቴው ያልቃል። ስለዚህ ከመንገዱ ወረድ ብሎ በሣሩ ይኬዳል። ውሃ መቼ እንደሚጠጣ፣ ከጠጣ በኋላ ስንት እንደሚያርፍ፣ የትኛው ሰንጋ ፊት ሲሆን ሌላው እንደሚከተል፣ ሁሉም ሥርዓት አለው። ቆላ የለመደ ከብት ወደ ደሴ ሲወጣ ብርድ ይመታዋል። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሌሊቶች በተራራው ጥግ፣ ነፋስ በማይነካው ቦታ ማሳደር ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ሲያወሩ ጠረጴዛው ላይ በማንኪያና በጨው ዕቃ እያሳዩኝ ነበር። ማንኪያው ወንዝ ነው፣ የጨው ዕቃው ወልዲያ ነው።

«በሬ ካራጁ ይውላል» ይባላል። አባቴ ተረቱን የሚሉት ስለ ራሳቸው ነው። ስምንት ቀን በስሙ ትጠራዋለህ፣ እሾህ ትነቅልለታለህ፣ ሌሊት ትዘፍንለታለህ። ደሴ ስትገባ ደላላው ጀርባውን ደብድቦ ዋጋ ይጠራል። «ዞር ብዬ አላይም ነበር» አሉ። «ባየሁ አንዱ ዐይኔን ያየኛል።» እንግዲህ የፎርት ዎርዝ ሰንጋዎች ተመልሰው በረታቸው መግባታቸው አባቴን ለምን እንዳላሳቃቸው ያን ጊዜ ገባኝ።

ሌሊቱስ? ሌሊቱ ጅብ ነው። ሽፍታም አለ። በማታ አይፏጭም ይባላል፤ ስለዚህ ማንጎራጎር ነው። አንዱ ከመንጋው ወዲህ ይቆማል፣ አንዱ ወዲያ። ወዲህ ያለው አንዱን ስንኝ ይላል። ወዲያ ያለው ቀጣዩን ይመልሳል። ከብቱ በሁለት በኩል ሰው እንዳለው ያውቃል። ሁለቱ ሰዎችም አይተያዩም፤ ግን አንዱ ሌላው እንዳልተኛ፣ እንዳልሞተ ያውቃል። መልሱ ከቀረ ችግር አለ ማለት ነው፤ ሽመልህን ይዘህ ትሮጣለህ። «እኔ ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ነው የምለው» አሉ። «እሱ ነው የሚመልሰው።»

«ቀሪው የኔ አይደለም» ማለታቸው ይሄ ነበር።

የመጨረሻው ጉዟቸው በ1965 ነው። በኛ አቆጣጠር። ዝናቡ የጠፋበት ዓመት። ሰው እህል ለመግዛት ከብቱን ያወጣል፤ ዋጋው ይወድቃል፤ ደሴ ይሻላል ተብሎ ይነዳል። አሥራ ስድስት ይዘው ወጡ። ሣር የለም። አላ ውሃ ላይ ሁለት ቀሩ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከብት ይወድቃል። የወደቀውን ለማንሳት ጅራቱን ይዘው ይጎትታሉ፤ አይነሳም። ከመንገዱ ዳር ሰው ተቀምጧል። ቤተሰብ ከነልጁ፣ መኪና ቆሞ አንድ ነገር ይሰጠናል ብሎ። ውጫሌ አጠገብ ባደሩ ጊዜ አራት ሰንጋ ቀርቷቸው ነበር።

«ያን ሌሊት አላንጎራጎርንም» አሉ አባቴ። «እነሱም አልተኙ። እኛም አልተኛን። ለማን ትዘፍናለህ?»

እዚህ ላይ ቅጂው ውስጥ ረጅም ዝምታ አለ። የባለቤቴ እጅ ስኒ ሲያነሳ ይሰማል።

ከዚያ በኋላ ከብት አልነዱም። ባልንጀራቸውም አልነዱም። ዛሬ ሰንጋው ከቆቦ በአይሱዙ ተጭኖ በአንድ ቀን ይደርሳል። ይሄ ጥሩ ነገር ነው። ያን መንገድ በእግር ይመለስ የሚል ሰው የሄደበት አይደለም።

ትርዒት ነው ስል የነበረው

አሁን ወደ ራሴ ሐሳብ ልመለስ። «ትርዒት ነው» ስል የነበረው እንደ ስድብ ነበር። ውሸት ነው ለማለት። ሰንጋው አይሸጥም፣ መንገዱ የትም አያደርስም፣ ሰውየው ማታ ቤቱ ገብቶ ይተኛል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ዓይነት ነገር።

ግን አባቴ ያንን የኋላውን ፈረሰኛ ያደነቁት በውሸት አይደለም። ሰውየው የሚያነክሰውን እያየ ነበር። ያ ዕውቀት እውነተኛ ነው። በመጽሐፍ አይተላለፍም። የሚተላለፈው በየቀኑ ሁለት ጊዜ ወጥቶ ከብት በመንዳት ነው። ፎርት ዎርዝ ውስጥ ሥጋ ማዘጋጃዎቹ አንዱ በ1962፣ ሌላው በ1971 ተዘጉ። ሥራው ሞተ። ከተማዋ በ1999፣ 150ኛ ዓመቷን ስታከብር ሰንጋ መንዳቱን መልሳ ጀመረች፤ እስከ ዛሬም አላቆመችም። ሎንግሆርኑ ራሱ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም ነበር። በ1927 ኮንግረሱ 3,000 ዶላር መድቦ፣ የቀሩት ጥቂቶች ተፈልገው ኦክላሆማ ውስጥ ዊቺታ ተራሮች ወደሚባለው ጥብቅ ቦታ ገቡ። 3,000 ዶላር! የተረፈ ዘር ባይኖር ሕዝቡ ምን ይነዳ ነበር?

ቅሬታዬም ግን አልጠፋም። ቀኑ ብቻ ሲታይ ነገሩ ያምራል። ፀሐይ አለ፣ ቀንድ አለ፣ ባርኔጣ አለ። አይካርድ የሌለበት፣ መሬቱን የተነጠቁት ቀይ ሕንዶች፣ ኮማንቼዎቹ የሌሉበት፣ መብረቅ የሌለበት መንገድ ለፎቶ ይመቻል። በ1989 ሞንታና ግዛት መቶኛ ዓመቷን ስታከብር ወደ ሦስት ሺህ የሚጠጋ ከብት ከራውንድአፕ እስከ ቢሊንግስ ለቀናት ነድተው ነበር። እነሱ ሜዳ ላይ አድረዋል። ያንን ሳነብ ቀናሁ። ሰው አንድ ሌሊት እንኳ ከከብት ጋር ሜዳ ቢያድር ብዙ ነገር ያለ አስረጂ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ደግሞ ይህን አስባለሁ። ያ የቱሪስት ትርዒት ባይኖር አባቴ አይናገሩም ነበር። ሃምሳ ዓመት ዝም ብለዋል። እኔ ልጃቸው ያልጠየቅኳቸውን ጥያቄ በሰው አገር፣ በሰው ሰንጋ ፊት ቆመው ራሳቸው አነሱት። ጎደሎ ነገር ስላዩ ነው። ሙሉውን የሚያውቅ ሰው ጎደሎ ሲያይ ዝም ማለት አይችልም። ትርዒቱ ለኛ አንድ ነገር ያሳየናል። ለሳቸው ግን የሚታረም ነገር ሰጣቸው።

እና ስለኛ መንገድ አሰብኩ። ቆቦ ውስጥ ሰንጋ አስጊጦ በአስፋልት መንዳት አለብን እያልኩ አይደለም። ያ ጊዜው ሲደርስ የአገሩ ሰው የሚወስነው ነው። ግን የትኛው ውሃ ላይ ከብት ይጠጣ እንደነበር፣ የት ይታደር እንደነበር፣ ለየትኛው ሰንጋ ምን ይባል እንደነበር የሚያውቁት ሰዎች ዕድሜያቸው ሰባ፣ ሰማንያ ነው። ቀጂ ይፈልጋሉ። ስልክ የሌለው ልጅ የለንም። «እረኛ ምን አለ?» ይባል ነበር ድሮ፤ የአገሩ ጉዳይ የሚጠየቀው ከሱ ነበር። ነጂውን ግን ማን ጠይቆት ያውቃል?

ስልኩ

አባቴ ሊመለሱ አንድ ሳምንት ሲቀራቸው ነው። ጋርላንድ ማታ ነው፤ ቆቦ ነግቷል። እኔ የቦታዎቹን ስም በወረቀት እየጻፍኩ ነበር። ከውርጌሳ በፊት ያለች አንዲት ማደሪያ ስሟ ጠፋባቸው። «እሱ ያውቃታል» አሉ። «ደውልልኝ።»

ባልንጀራቸው አሁንም እዚያው ናቸው። ስልኩን ያነሳው የልጅ ልጃቸው ነው። ከዚያ እሳቸው መጡ። ድምፃቸውን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ሰላምታው ብቻ አምስት ደቂቃ ፈጀ። ጤና፣ ልጆች፣ ዝናብ፣ ማሽላ። አባቴ ስለ ማደሪያዋ ይጠይቃሉ ብዬ እስክሪብቶዬን ይዤ ጠበቅሁ።

አልጠየቁም። ጎንበስ ብለው አፋቸውን ወደ ስልኩ አስጠጉ። በረቱ አጥር ላይ እንዳደረጉት በዝቅተኛ ድምፅ ጀመሩ።

«ተኛ አንተ ዳልቻ፣ ተኛ አንተ ቡሬ…»

ከወዲያ ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት። ሰዓቱ ይቆጥራል። ዶሮ ሲጮህ ይሰማል፣ ከራቀ ቦታ። አባቴ ፊታቸውን አላነሱም። እየጠበቁ ነው።

ከዚያ ያረጀ፣ ትንሽ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ከቆቦ መጣ።

«እኔም ጎጆ የለኝ፣ ሜዳ አዳሪ ነኝ ዛሬ።»